በስሜ ልጻፍ ወይስ በብዕር ስም?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከገቡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ብሎግ ልጀምር ነው፣ ስሜን ላውጣ ወይስ ልደብቀው? አምስቱን መርጬ፣ አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። ላኪዎቹን የሚያሳውቅ ነገር ካለ ሰርዤዋለሁ፤ ስለ መደበቅ የጠየቀንን ሰው እኛው ብናጋልጠው ጉድ ነው የሚሆነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ነርስ ነኝ። የማታ ተራ ስሆን የማየውን ነገር ማስታወሻ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጓደኛዬ አንብባው "ይሄማ ደብተር ላይ አይቀርም፣ ብሎግ ክፈቺ" እያለች ትወተውተኛለች። እኔም ልቤ ከጀለ። ግን በስሜ ከጻፍኩ አለቆቼ ምን ይሉኛል? ያለ ስሜ ከጻፍኩስ ማን ያምነኛል? ደግሞ እስከ መጨረሻው ተደብቄ መቅረት እችላለሁ ወይ?
የማታ ተረኛ

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስት ነገር ጠይቀሻል። እኔ ግን መጀመሪያ አንድ ልጠይቅሽ። መደበቅ የፈለግሽው ከማን ነው?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል፣ ብዙ ሰው ግን ሳይመልሰው ነው የሚጀምረው። ስሜን ልደብቅ የሚል ሰው ከዓለም ሕዝብ ሁሉ የሚደበቅ ይመስለዋል። ቁጭ ብሎ ሲያስበው ግን የሚፈራቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ አለቃ፣ አንድ የቀድሞ ባል፣ ምናልባት አንዲት ወሬ የማያልቅባት አክስት። የምትደበቂው ከታካሚዎችሽ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ስምሽን ጉግል ላይ ሲፈልጉ ብሎጉ ካልመጣላቸው በቃ፣ ተራ የብዕር ስም ይበቃሻል። ከባልደረቦችሽ ከሆነ ግን የብዕር ስሙ ብቻውን ምንም አይፈይድልሽም። እነሱ እኮ ስምሽን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱንም ያውቁታል። "አልጋ ሰባት ላይ የተኙት አዛውንት የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ለልጄ ስጪልኝ አሉኝ" ብለሽ ከጻፍሽ፣ ያን ሌሊት አብራሽ ተረኛ የነበረችው ልጅ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳትደርስ ማን እንደጻፈው ታውቃለች። ከፍርድ ቤት ልደበቅ ካልሽ ደግሞ እሱ ሌላ ዓለም ነው፣ የመጽሔት ዓምድ ተነብቦ የሚሞከር ነገር አይደለም። በ2009 አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት አንዲት ሞዴልን የሰደበ ስም የለሽ ብሎግ የማን እንደሆነ ጉግል እንዲናገር አዘዘ፤ ጉግልም ያለውን መረጃ ሰጠ።

አለቆችሽን በተመለከተ፣ ላንክሻየር በሚባል የእንግሊዝ አካባቢ የሚሠራ አንድ መርማሪ ፖሊስ "ናይትጃክ" በሚል ስም ስለ ሥራው ይጽፍ ነበር። ጎበዝ ጸሐፊ ነበር፣ በ2009 የኦርዌልን ሽልማት በብሎግ ዘርፍ እስከማሸነፍ ደረሰ። ሽልማቱ ዓይን ሳበ መሰለኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ዘ ታይምስ ጋዜጣ ማንነቱን ደርሶበት ሊያትመው ተነሣ። ሰውየው ፍርድ ቤት ሄዶ ስሜ አይውጣ አለ። ዳኛው ብሎግ መጻፍ በባሕርዩ የአደባባይ ሥራ ነው ብለው ጥያቄውን አልተቀበሉትም። ስሙ ወጣ። ብሎጉን አጠፋው፣ ከመሥሪያ ቤቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ጉዱ የወጣው ግን በኋላ ነው፦ ጋዜጠኛው የሰውየውን ኢሜይል የደኅንነት ጥያቄዎች መልስ እየገመተ ሰብሮ ገብቶ ነበር። በ2012 ጋዜጣው 42,500 ፓውንድ ካሳ ከፈለው። ካሳው ጥሩ ነው፣ የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም።

ከዚህ ታሪክ ለአንቺ የሚሆን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ዛሬውኑ የምታደርጊው ነው። ለብሎጉ አዲስ ኢሜይል ክፈቺ፣ "የመጀመሪያ ትምህርት ቤትሽ ማን ይባላል" ብሎ ሲጠይቅሽ እውነቱን አትንገሪው። ያልሆነ መልስ ስጪውና ደብተር ላይ መዝግቢው። ሁለተኛው ደግሞ ስምሽ ከወጣ ሕግ ያስጥለኛል ብለሽ እንዳትተማመኚ ነው።

ከአለቆችሽ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ታካሚው ነው። የአንቺን ስም መደበቅና የታካሚውን ማንነት መደበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። "ስሜን ስላልጻፍኩ ማንም አይታወቅም" የሚል የጤና ባለሙያ አይጠፋም። የታካሚው ልጅ አንቺን ላያውቅሽ ይችላል፣ አባቱን ግን ያውቃል። አሜሪካኖች በጤና መረጃ ሕጋቸው አንድ መረጃ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ መሰረዝ ያለባቸውን መለያዎች ዘርዝረዋል፤ 18 ናቸው። ስምና ስልክ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከዓመቱ በስተቀር የገባበት፣ የወጣበት፣ የሞተበት ቀን ሁሉ ይሰረዛል። ዕድሜው ከ89 በላይ ከሆነ ትክክለኛ ዕድሜውም ይሰረዛል፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ጥቂት ስለሆነ በቀላሉ ይለያላ። የምትሠሪው ሌላ አገር ቢሆንም ዝርዝሩ መመዘኛ ይሆንሻል። እኔ ብሆን ታሪኩን ሌሊቱ ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላ ነበር የማወጣው፣ ያውም የሰዓቱን፣ የአልጋውንና የሕመሙን ዝርዝር ቀይሬ። ዝርዝር ስትቀይሪ ግን መቀየርሽን ብሎጉ መግቢያ ላይ በግልጽ ጻፊ። አንባቢ እሱን ይረዳል፣ መታለልን ግን ይቅር አይልም።

ማን ያምነኛል ላልሽው፣ ከፈራሽው በላይ ሰው ያምንሻል። አንባቢ የሚያምነው መታወቂያ አይቶ አይመስለኝም። አንድ ስም ይዘሽ በዚያው ስም ለረጅም ጊዜ ከጻፍሽ፣ የምትይው ነገር እርስ በርሱ ካልተጣረሰ፣ ስትሳሳቺም ካረምሽ፣ የብዕር ስሙ ራሱ ስም ይሆናል። ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ በ2008 ያስተዋወቀው ሳቶሺ ናካሞቶ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በማያሻማ ማስረጃ አልታወቀም፣ ሰው ግን ጽሑፉን አንብቦ፣ አሠራሩን ፈትሾ ተቀበለው። በየጊዜው ስም የሚቀያይር ወይም ጭራሽ ስም የሌለው ጸሐፊ ግን ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ስም የለሽ አትሁኚ፣ የብዕር ስም ይኑርሽ። ነርስ መሆንሽን ተናገሪ፣ የት እንደምትሠሪ ተዪው።

እስከ መጨረሻው መደበቅ ይቻላል ወይ? በዚያ ላይ ብዙ አትተማመኚ። ምስጢር የሚወጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተር ሊቅ ሳይሆን በሰው አፍ ነው። የሃሪ ፖተር ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በ2013 በወንድ ስም የወንጀል ልብወለድ አውጥታ ነበር። ከምትገለገልበት የሕግ ቢሮ አንዱ ጠበቃ ለሚስቱ ጓደኛ ሹክ አላት፣ እሷ ደግሞ ትዊተር ላይ ተነፈሰችው። አንድ ጋዜጣ ጥርጣሬውን ለማጣራት የአጻጻፍ ስልት የሚለኩ ምሁራን ጋር ሄደ፤ እነሱም የቃላቱን ርዝመትና የተራ ቃላቱን ድግግሞሽ በኮምፒውተር አነጻጽረው ወደ እሷ ጠቆሙ። እንግዲህ ያቺ "ብሎግ ክፈቺ" የምትልሽ ጓደኛሽ አንዷ ናት። ሁለተኛ አትጨምሪ።

ከዚያ የሚቀረው ጥቃቅን ነገር ነው፣ የሚያጋልጠውም እሱ ነው። በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በ2012 ፖሊስ ይፈልገው የነበረው የጸረ ቫይረስ ሶፍትዌር ነጋዴው ጆን ማካፊ ጓቴማላ መሆኑ የታወቀው አብረውት የነበሩ ጋዜጠኞች በስልክ አንስተው ድረ ገጽ ላይ በለጠፉት ፎቶ ነው። ዎርድፕሬስ የሚባለው የብሎግ መክፈቻ ላይ ስትመዘገቢ የመግቢያ ስምሽን የራስሽን ስም ካደረግሽው፣ በጽሑፉ ላይ የሚታየውን ስም ብትቀይሪውም የጸሐፊው ገጽ አድራሻ ውስጥ የመግቢያ ስሙ ሊታይ ይችላል። በስምሽ ሌላ ገጽ ካለሽ ደግሞ የጎብኚ መቁጠሪያውን ኮድ ለሁለቱም አትጠቀሚ፤ ያ ቁጥር ሁለቱን ገጾች ያገናኛል፣ በዚህ መንገድ የተያዘ ብሎገር አለ። የራስሽን ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻ፣ ስትገዢ ስምና አድራሻ ትሰጫለሽ። ድሮ ያ መረጃ ለማንም ክፍት ነበር፤ የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ በ2018 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ አብዛኞቹ ሻጮች ይሸፍኑታል፣ እነሱ ዘንድ ግን ይቀመጣል። ቴሌግራም ቻናል ከከፈትሽ ቻናሉ ስምሽን አያሳይም፤ ለአስተያየት መልስ ለመስጠት ስትቸኩዪ ግን በግል አካውንትሽ ከነፎቶሽ ብቅ እንዳትዪ። በጣም የተለመደው መጋለጥ ይሄኛው ነው፣ ያውም ሌሊት ላይ፣ እንቅልፍ ዓይንሽ ላይ ተኝቶ።

እና ፍርዴ ይሄ ነው፦ በብዕር ስም ጀምሪ። ምክንያቱ ደግሞ ከብዕር ስም ወደ እውነተኛ ስም በፈለግሽ ቀን መሻገር ስለምትችዪ ነው፤ በተቃራኒው መመለስ ግን አይቻልም። ብቻ እያንዳንዱን ጽሑፍ ከመልቀቅሽ በፊት የክፍሉ ኃላፊ አጠገብሽ ቆማ ጮክ ብላ ስታነበው ይታይሽ። ብትናደድ ችግር የለውም። "ይሄን ነገር መጻፍ አልነበረብሽም" ብትልሽና መልስ ብታጪ ነው ችግሩ።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፣ ገና ጀማሪ። ስለ ታክስና ስለ አነስተኛ ንግድ ሒሳብ አያያዝ በቀላል ቋንቋ መጻፍ እፈልጋለሁ። ዓላማዬን ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ሥራ እንዲመጣልኝ ነው። ግን ስሳሳት በስሜ እንዳልዋረድ ፈራሁ። ደግሞ የሥራ ውሌ ላይ ስለ መጻፍ የሚል ነገር ያለ መሰለኝ።
ጀማሪው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥራ እንዲመጣልህ ከሆነ በስምህ ጻፍ። ይሄ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም። ደንበኛ ሊቀጥርህ ሲያስብ ስምህን ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ስለ ታክስ በቅጡ ያስረዳህባቸው ጽሑፎች ከስምህ ጋር መጥተው ካልጠበቁት ድካምህ ለማን ነው? ስምህ ብዙ ሰው ያለው ዓይነት ከሆነ የአያትህን ጨምርበትና ሁሉም ቦታ ላይ ያንኑ ተጠቀም።

እንዳልዋረድ ያልከው ፍርሃት ደግሞ ጠቃሚ ፍርሃት ነው። በስሙ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩን ሁለቴ ያያል። ስህተት ሲገኝብህ ጽሑፉን ቀስ ብለህ አታጥፋው፣ ከላይ "ታርሟል" በልና ምን እንደታረመ ጻፍ፤ ለሒሳብ ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ያለ አይመስለኝም።

ውሉን ግን "ያለ መሰለኝ" ብለህ አትለፈው። አውጣና አንብበው። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ዊሊያም ጎሴት የሚባል ሰው አየርላንድ ውስጥ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በትንሽ ናሙና ላይ ተመሥርቶ እንዴት መደምደም እንደሚቻል የሚያሳይ ስሌት አገኘ። ኩባንያው የሥራ ምስጢር እንዳይወጣ ስለሚፈራ ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበር፣ በብዕር ስም ግን ፈቀደለት። በ1908 "ስቱደንት" ብሎ አሳተመው። ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቲ ቴስት ከዚያ የመጣ ነው፣ እስከ ዛሬም የሚጠራው በዚያው በብዕር ስሙ ነው። ከዚህ የምትወስደው ነገር ጎሴት አለመደበቁን ነው። አለቆቹ ያውቁ ነበር። ጠይቆ፣ ተፈቅዶለት ነው የጻፈው። አንተም ጠይቅ፤ "ስለ ታክስ አጠቃላይ ማብራሪያ እጽፋለሁ፣ የድርጅቱንም ሆነ የደንበኞችን ጉዳይ አላነሣም" ብለህ በኢሜይል ላክ፣ መልሱንም አስቀምጠው።

ካልጠየቅህ ደግሞ ጽሑፉ ስር "አስተያየቱ የግሌ ነው" የሚል መስመር መጨመር ያድነኛል ብለህ አትተኛ። ለአንባቢ ጨዋነት ነው፣ ከአለቃ ቁጣ ግን ማንንም አስጥሎ አያውቅም። አሜሪካዊቷ ሄዘር አርምስትሮንግ ገና ብሎግ ብርቅ በነበረበት በ2002 ስለ ባልደረቦቿ ብሎጓ ላይ እያሾፈች በመጻፏ ከሥራ ተባርራለች። ኋላ ላይ ያው ብሎግ እንጀራዋ ሆነላት፣ ግን አንተ በዚያ ተስፋ አትጀምር።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ። በሴት የብዕር ስም ስለ ፍቅርና ትዳር ብጽፍ ብዙ አንባቢ የማገኝ ይመስለኛል። ነውር ነው?
የሚያስብ ሰው

መልስ፦ ስሙ ብቻ ቢሆን ነውር የለውም፣ ደራሲዎች ሲያደርጉት የኖሩት ነው። አንተ ግን ስሙ ላይ የምታቆም አልመሰለኝም። "ባሌ እንዲህ ሲለኝ" ብለህ የጀመርክ ቀን ልብወለድ ሆኗል፣ እና ልብወለድ ነው ካላልክ ውሸት ነው። በ2011 "ደማስቆ ያለች ሴት ነኝ" እያለች ስለ ሶሪያ ተቃውሞ የምትጽፍ አንዲት ብሎገር ነበረች። ብሎጉ ላይ ታጣቂዎች አፍነው እንደወሰዷት ተጻፈ፣ ዓለም ሁሉ ትፈታ ብሎ ጮኸ። ስትጣራ ስኮትላንድ ውስጥ የሚኖር የ40 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ሆና ተገኘች። የሚያሳዝነው በስሟ ሲጮኹ የነበሩት እውነተኛዎቹ ሶሪያውያን ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የእነሱንም ጩኸት ሰው በጥርጣሬ አየው። አንተ በትዳር ጉዳይ ምክር ስትሰጥ የምትሰማህ ሴት ትዳሯን ልታፈርስ ወይም ልትታገሥ ትችላለች፣ "እኔም ደርሶብኛል" ስላልካት። በራስህ ፆታ ጻፍ። ወንድ ስለ ትዳር በቅንነት ሲጽፍ አንባቢ አያጣም።

ጥያቄ፦ በብዕር ስም ነው የምጽፈው። ጓደኛዬ "የምታምንበትን በስምህ የማትል ከሆነ ፈሪ ነህ፣ ተሳዳቢው ሁሉ እኮ በሐሰት ስም ነው" ይለኛል። ምን ልበለው?
ፈሪ የተባለው

መልስ፦ ጓደኛህ ሁለት ነገር ነው የቀላቀለው። ተሳዳቢ ብዙ ጊዜ ይደበቃል ማለትና የተደበቀ ሁሉ ተሳዳቢ ነው ማለት ለየቅል ናቸው። ደግሞ ስም ማስመዝገብ ስድብን ያቆማል የሚለው ሐሳብ በአገር ደረጃ ተሞክሯል። ደቡብ ኮሪያ በ2007 ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ በሕግ አስገደደች። በ2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፤ አንዱ ምክንያቱ ሕገ ወጥ ጽሑፎች ይህን ያህል መቀነሳቸው አለመታየቱ ነበር። በመሃል፣ በ2011፣ የ35 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃ ከአንድ ኩባንያ ተመዝብሯል። ጉግልም ለማኅበራዊ ገጹ እውነተኛ ስም ካላመጣችሁ ብሎ ቆይቶ በ2014 ተወው። ፌስቡክ ላይ ከነስሙና ከነሠርጉ ፎቶ ሰው የሚያዋርድ አላየህም እንዴ? ለጓደኛህ እንዲህ በለው፦ ስሜን የደበቅኩት የሆነ ሰው ላይ ድንጋይ ለመወርወር ከሆነ ትክክል ነህ፣ ፈሪ ነኝ። ስለ ራሴ ሕይወት ለመጻፍ ከሆነ ግን ጉዳዩ አንተን አያገባህም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መምህር ነኝ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ነው የቀረኝ። መጠጥ ያቆምኩበትን ታሪክ በብዕር ስም ለዓመታት ስጽፍ ኖሬአለሁ። ብዙ ሰው ጽሑፉ እንደረዳው ነግሮኛል። ባለፈው ግን አንድ ሰው በኢሜይል "ማን እንደሆንክ አውቃለሁ፣ ለትምህርት ቤቱ እነግራለሁ" ብሎ ጻፈልኝ። ባለቤቴ ታውቃለች፣ ልጆቼ ግን አያውቁም። ብሎጉን ላጥፋው?
የድሮ ጠጪ

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ለሰውየው መልስ አይስጡት። "ማነህ?" ብለው እንኳ አይጠይቁት፤ መልስ መስጠትዎ ራሱ ግምቱ ልክ እንደሆነ ይነግረዋል። ኢሜይሉን አያጥፉት፣ ስክሪንሾት ያንሱና ያስቀምጡት። ገንዘብ ወይም ሌላ ነገር ከጠየቀዎት ማስፈራራት ነው፣ ወደ ፖሊስ ይሂዱ።

ብሎጉን ላጥፋው ላሉት፣ አይቸኩሉ። ማጥፋት ብዙም አይጠቅምዎትም። የድረ ገጾችን ቅጂ ከ1996 ጀምሮ የሚያስቀምጥ "ኢንተርኔት አርካይቭ" የሚባል ተቋም አለ፣ ለዓመታት የጻፉት ነገር እዚያ ሊኖር ይችላል፤ ሰውየውም ቅጂ ይኖረዋል። ካጠፉት የሚቀረው በሌሎች እጅ ያለው ቅጂ ብቻ ይሆናል ማለት ነው፣ ሰውም ታሪኩን ከሱ አፍ ይሰማዋል።

እኔ የሚታየኝ ሰውየውን ቀድመው መሳሪያውን ከእጁ መውሰድ ነው። ብሩክ ማግናንቲ የምትባል ሳይንቲስት ከ2003 ጀምሮ በብዕር ስም ለንደን ውስጥ በወሲብ ንግድ ስለ ሠራችበት ጊዜ ትጽፍ ነበር። ብዙ ጋዜጦች ለዓመታት ፈልገው አጧት። በ2009 ምስጢሩ ሊወጣ እንደተቃረበ ሲሰማት ራሷ የመረጠችውን ጋዜጣ ጠርታ ስሟን ተናገረች። ትሠራበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ሕይወቷ ከአሁኑ ሥራዋ ጋር አይገናኝም አለ፣ ነገሩ አለቀ። የእርስዎ ታሪክ ከሷ ጋር ሲተያይ እኮ የሚያስመሰግን ነው። ጠጥተው ነበር፣ አቆሙ፣ ለሌላው አካፈሉ።

ይሁንና ዛሬ ማታውኑ አይደለም። ስኮት አሌክሳንደር በሚል የሚጽፍ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ2020 ኒው ዮርክ ታይምስ ሙሉ ስሙን ሊያወጣበት እንደሆነ ሲያውቅ ብሎጉን በሙሉ ዘጋው። ወራት ወሰደ። ሥራውን ለቀቀ፣ ስሙ ቢታወቅም የማይጎዳበትን የራሱን የሕክምና ሥራ አዘጋጀ፣ ከዚያ በ2021 መጀመሪያ ላይ በአዲስ ብሎግ ስሙን ራሱ ጽፎ ተመለሰ። እርስዎ ሥራ መልቀቅ አይጠበቅብዎትም፣ ቅደም ተከተሉን ግን ይውሰዱ። ለልጆችዎ ይንገሯቸው፣ ከሁሉ በፊት፣ በአፍዎ፣ ጽሑፉን እንዲያነቡ በመላክ አይደለም። ቀጥሎ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ቀጠሮ ይዘው ይግቡ። "ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት" ቢሉ በቂ ነው።

በዚያው ሰሞን የድሮ ጽሑፎችዎን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያንብቡ፣ እርስዎን ብለው ሳይሆን ሌሎቹን ብለው። አብሮዎት ይጠጣ የነበረው ጓደኛ፣ የተጣሉት ወንድም፣ ያዘነችው ባለቤትዎ። ስምዎ ሳይታወቅ እነሱም አይታወቁም ነበር፣ ስምዎ ሲወጣ ግን እነሱም አብረው ነው የሚወጡት። አንዳንዱን አንቀጽ መሰረዝ፣ አንዳንዱን ደግሞ ሰውየውን ደውለው ማስፈቀድ ሊኖርብዎት ነው። ባለቤትዎ ደግሞ ስለሷ የተጻፈውን ሁሉ አንብባ ይጥፋ ያለችው ይጥፋ።

የብዕር ስሙን አይጣሉት። አንባቢዎችዎ የሚያውቁዎት በሱ ነው፣ ብሎጉም በዚያው ስም ይቀጥል። "ስለ እኔ" በሚለው ገጽ ላይ ብቻ እውነተኛ ስምዎን በአንድ መስመር ያስገቡ። ልጆቹም ርዕሰ መምህሩም ሰምተው ከጨረሱ በኋላ ሰውየው የፈለገው ቦታ ሄዶ ይናገር።